የአክስቴ ውጤት «መነሻው ያልታወቀ ካንሰር» ይላል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊያገኘው ይችላል?

የቆላ ድባው

ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከቆላ ድባ አምጥተን ጎንደር እያሳከምናት እንገኛለን። ሆዷ መነፋት የጀመረው በዐቢይ ጾም ነበር። መጀመሪያ ሽሮው ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተባለ፤ መቀነቷ አልደርስ ሲላት ነው ነገሩ ያሳሰበን። አልትራሳውንድ ስትነሣ ሆዷ ውስጥ ውሃ ተገኘ። ውሃው በመርፌ ተቀድቶ ለፓቶሎጂ (ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ክፍል) ተላከና «አዴኖካርሲኖማ፣ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ፣ መነሻው ያልታወቀ» የሚል ወረቀት መጣ። ሲቲ ስካኑ ጉበቷና ሳንባዋ ደህና ናቸው ይላል። የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስብ ላይ ግን እዚህም እዚያም የተቋጠረ ነገር አለ። ኦቫሪ የሚባለው የእንቁላል ዕጢ ላይ «ጎልቶ የሚታይ ነገር የለም»።

ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የወረቀቱን ጽሑፍ በስልኬ ላይ ላለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ሰጠሁት። አንዴ ኦቫሪ ነው አለኝ። ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ስደግመው ጨጓራ ሊሆን ይችላል አለኝ። በአማርኛ ስጠይቀው ሐኪም አማክር ብሎ ዘጋው። ይሁን እንጂ የካንሰርን መነሻ የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በውጭ አገር መሠራቱን አንብቤአለሁ። እሱና ይሄ አንድ ናቸው? ከጎንደር የሚላክ ነገር ካለ ምን ልላክ? አጎቶቼ ደግሞ «መነሻው ካልታወቀ ምኑን ነው የሚያክሙት፣ ጠበል እንውሰዳት» እያሉ ነው። የምመልስላቸው ቸግሮኛል።

አራዳ ሰፈር

እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። በስልክህ ያለውን ነገር ተወው። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት መልስ የሰጠ ሰው በፍርድ ቤት ምስክርነቱ ይጣልበታል።

ባለ ማይክሮስኮፑ

አክስትህን ይማርልህ። ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። የእሷን ስላይድ (ሴሎቹ የተቀቡበትን መስታወት) ስላላየሁ ስለ እሷ ፍርድ አልሰጥም፤ ስለ ወረቀቱ ግን ልናገር። አዴኖካርሲኖማ ማለት ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ነው።

«መነሻው ያልታወቀ» ሲባል ሐኪሞቹ ሳይለፉ የቀሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በዓለም ላይ ከሚገኙት ካንሰሮች ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በዚህ ስም ሲመዘገቡ ቆይተዋል፤ መሣሪያው ሁሉ በተሟላበት አገርም ጭምር። የመጀመሪያው ዕጢ በምስል የማይታይ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሴሎቹ አስቀድመው ወጥተው ሌላ ቦታ ያድጋሉ። በሕይወት ሳሉ መነሻው ያልታወቀላቸው ሰዎች ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው ሲመረመር እንኳ የተገኘው ከአራቱ በሦስቱ ገደማ ነው። በአብዛኛው ሳንባና ቆሽት ነበሩ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። በስልክህ የጠየቅኸው ጽሑፍ አንብቦ ጽሑፍ የሚመልስ ነው። የአክስትህን አንድ ሴል አላየም። ከዚያች አንዲት መስመር ተነሥቶ ኦቫሪም ጨጓራም ማለት ይቻላል፤ እኔም ወረቀቱን ብቻ ይዤ ብጠየቅ ከዚህ አላልፍም።

ያነበብከው ምርምር ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል የሚመራ ቡድን «ቶድ» የተባለውን ሥርዓት በኔቸር መጽሔት አሳተመ። ቶድ የሚያየው ተራውን ስላይድ ነው፤ በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ቀልሞ ሐምራዊና ሮዝ የሚሆነውን፣ እኛም እዚህ በየቀኑ የምንሠራውን። ከ22,000 በሚበልጡ የስላይድ ምስሎች ሠልጥኖ ከ18 መነሻዎች አንዱን ይመርጣል። መነሻቸው በሚታወቅ ዕጢዎች ሲፈተን የመጀመሪያ ግምቱ በ83 በመቶ ትክክል ወጣ። ሦስት ግምት ሲፈቀድለት ትክክለኛው መልስ በ96 በመቶው ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ነበር። መነሻቸው ሳይታወቅ ቆይቶ ሐኪሞች በኋላ በሌላ ማስረጃ በለዩላቸው 317 ሕሙማን ላይ ግን የመጀመሪያ ግምቱ ከሐኪሞቹ ጋር የተስማማው በ61 በመቶ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ጋዜጦች አይወዷትም።

ለአክስትህ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቲያንጂን የሚገኙ የቻይና ተመራማሪዎች «ቶርች» የሚሉትን በኔቸር ሜዲስን አወጡ። ይህኛው የሚያነበው ከሆድና ከደረት በተቀዳ ውሃ ውስጥ ያሉ ሴሎችን ነው። የ57,220 ሕሙማን ምስል ከአራት ሆስፒታሎች ተሰብስቦለታል። መልሱም ሰፋ ያለ ነው፦ ከምግብ መፍጫ፣ ከሴቶች መራቢያ፣ ከመተንፈሻ ወይስ ከደምና ከሊምፍ ሥርዓት የመጣ? የመጀመሪያ ግምቱ በ82.6 በመቶ ትክክል ነበር። ከግምቱ ጋር የሚስማማ ሕክምና ያገኙት ሕሙማን ካላገኙት የተሻለ ዕድሜ ነበራቸው፤ 27 ወር ለ17 ወር። ያ ንጽጽር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገብ በማገላበጥ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ማሽኑ ነው ብዬ አልምልም።

ሁለቱም የምርምር ሥራዎች ናቸው። ናሙና ተቀብለው ማኅተም ያለበት ውጤት የሚሰጡ መስኮቶች አድርገህ አታስባቸው።

ኮድ ጸሐፊው

ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ዶክተሩ በተናገረው ላይ ከእኔ ወገን ያለውን ልጨምር።

አንድ ስላይድ በልዩ ስካነር ሲነሣ ምስሉ ቢሊዮኖች ነጥቦች ያሉት፣ በጊጋባይት የሚለካ ፋይል ይሆናል። ፕሮግራሙ ይህን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች አድርጎ ይቆራርጠውና ለውሳኔው የሚጠቅሙት የትኞቹ እንደሆኑ ራሱ እየመዘነ ይማራል። ማንም ሰው «ካንሰሩ እዚህ ጋ ነው» ብሎ አላከበበለትም፤ የተነገረው የመጨረሻው መልስ ብቻ ነው። ብልሃቱም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ የራሱ የቀለም አጣጣል አለው፤ አንዱ ሐምራዊውን ያጠቁረዋል፣ ሌላው ሮዙን ያደምቀዋል። የአንድ ሆስፒታል ስላይዶች በብዛት የአንድ ካንሰር ዓይነት ከሆኑ ማሽኑ ካንሰሩን ትቶ የሆስፒታሉን ቀለም ይማርና ጥሩ ውጤት ያስመዘግባል። ቦስተን ወይም ቲያንጂን ላይ 83 ያገኘ ነገር ጎንደር ላይ ስንት እንደሚያገኝ የሚታወቀው ጎንደር ላይ ሲፈተን ነው።

በጂን የሚሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኤም አይ ቲ እና የዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ያወጡት ኦንኮ ኤን ፒ ሲ ወደ 400 የሚጠጉ ጂኖችን አይቶ ከ22 የካንሰር ዓይነቶች ይመርጣል። የወደድኩለት አንድ ጠባይ አለው፦ የእርግጠኝነቱን መጠን አብሮ ይናገራል። መነሻቸው ካልታወቀ 900 ያህል ዕጢዎች ውስጥ በሙሉ ልብ የመለሰው ለ40 በመቶው ገደማ ብቻ ነበር። በስልክህ ያለው መተግበሪያ ኦቫሪ ሲልህም ጨጓራ ሲልህም በዚያው ልብ ነው የተናገረው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። የውጤት ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ወደ መተግበሪያም ሆነ ወደ ቴሌግራም ቡድን ስትልክ ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍን።

አራዳ ሰፈር

ሁሉም መልካም፤ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። መነሻው ታወቀ እንበል፤ ከዚያስ? ታላቅ ወንድሜ እንዲሁ ሆኖ ነው ያረፈ። መነሻውን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ወጣን፤ ባንድ ወር ውስጥ ሦስት ሲቲ ስካን ተነሣ፣ በላይም በታችም ካሜራ ገባለት፣ የገጠሩ መሬት ተከራየ፣ በሬዎቹ ተሸጡ። በመጨረሻ ሳንባ ሳይሆን አይቀርም አሉን። መድኃኒቱ ግን ያው መጀመሪያ ሊሰጡት ያሰቡት ሆነ። አሁን ደግሞ ማሽን መጣና ፍለጋውን ሊያረዝምብን ነው። እኔ የበረታ ሐኪምና ያልተቋረጠ መድኃኒት ይሻለኛል።

ነርሷ ከአዘዞ

ጋሼ አራዳ ሰፈር ያሉትን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ኬሞ ክፍል ነው የምሠራ። ሰው መነሻ ፍለጋ ሲዞር ሰውነቱ አልቆ፣ አልጋ ይዞ ይመጣል። በዚያ ጊዜ መድኃኒቱን ቢያገኝም አይችለውም። ፍለጋው ገደብ ይኑረው በሚለው እስማማለሁ።

የቆላ ድባው፣ ስለ አጎቶችህ። ጠበሉን ከሕክምናው ጋር አታጣላው። ከቤተሰብ ጋር የሚያጋጭ ክርክር ውስጥ ከገባህ የምትጎዳው እሷ ናት። በኬሞው መካከል ባሉት ሳምንታት ጠበል የሚሄዱ ሕሙማን አሉን፤ እኛ የምንለምናቸው ቀጠሮ እንዳያሳልፉ፣ ያልፈላ ውሃ እንዳይጠጡ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን እንዲመለሱ ነው። ሰውነት መከላከያው ሲወርድ ትኩሳት ቀልድ አይደለም። አጎቶችህን ይዘሃቸው ና፤ ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ቤተሰብ «ለእሷ እንዳትነግሯት» ይለናል። አክስትህ ምን እንደምታውቅ አልጻፍክም። ሆዷን በመርፌ ሲቀዱት ዝም ብላ የተኛች ሴት ምንም አልጠረጠረችም ብለህ አታስብ። ጠይቃት፤ ማወቅ የምትፈልገውን ያህል ንገራት።

ባለ ማይክሮስኮፑ

ጋሼ አራዳ ሰፈር፣ ነፍስ ይማር። የጠየቁት ጥያቄ ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን ያከራከረ ነው፤ ስለዚህ ሳላሳምር ልመልስ።

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት አለ። ሕሙማኑን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በጂን ምርመራ በተገመተው መነሻ መሠረት ታከሙ፤ ግማሾቹ ለሁሉም የሚሆነውን ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባለ የኬሞ መድኃኒት ወሰዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በሕይወት በመቆየት የመጀመሪያዎቹ አልበለጡም። እዚህ ላይ የእርስዎ ሐሳብ ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የሻንጋይ ፉዳን ሐኪሞች 182 ሕሙማንን በተመሳሳይ መንገድ አወዳድረው፣ በሽታው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ መነሻው ተገምቶላቸው በታከሙት 9.6 ወር፣ በሌሎቹ 6.6 ወር መሆኑን አሳዩ። ሦስት ወር ነው። ለአንዱ ኢምንት ነው፣ ለሌላው የልጅ ሠርግ ነው።

እንዲህ ተለያይተው የወጡበትን ምክንያት እኔ የማየው በዚህ ነው፤ መነሻው ለምሳሌ ቆሽት ሆኖ ሲገኝ ስሙ መታወቁ ብዙ አይለውጥም፤ ለእሱ ያለን መድኃኒት ራሱ ደካማ ነውና። ጥቅሙ የሚጎላው ስሙ ሲታወቅ ሕክምናው የሚገለበጥባቸው ዘንድ ነው። ሴት ሆና በብብቷ ዕጢ ውስጥ አዴኖካርሲኖማ የተገኘባት፣ ጡቷ ላይ ምንም ባይዳሰስም እንደ ጡት ካንሰር ትታከማለች፤ ለሆርሞን መልስ የሚሰጥ ከሆነ ታሞክሲፌን ክኒን ነው። አጥንቱ ላይ የተሰራጨበትና ፒ ኤስ ኤ የተባለው የደም ምርመራ ከፍ ያለበት ሽማግሌ እንደ ፕሮስቴት ካንሰር ይታከማል፤ የወንድ ሆርሞኑን በማቆም ብቻ ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ሊቀልለት ይችላል። ደረቱ መካከል ወይም ከሆዱ ጀርባ ዕጢ የወጣበት ወጣት ወንድ የዘር ሴል ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ተሰራጭቶም ቢሆን በብሊዮማይሲን፣ በኢቶፖሳይድና በሲስፕላቲን ብዙ ጊዜ የሚድን ነው። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ሁሉ መድኃኒቶች በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው።

ስለዚህ እኔ ከማሽኑ የምፈልገው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የአካል ስም እንዲያወጣለት አይደለም። በስላይድ ክምር መካከል እነዚህን ጥቂቶች «እነዚህ እንዳያልፉህ» ብሎ እንዲያወጣልኝ ነው። ለዚያ ሥራ ከሦስት ግምቶች አንዱ ትክክል መሆኑ ይበቃኛል፤ ቀሪውን በምርመራ አጣራዋለሁ።

የቆላ ድባው፣ የአክስትህ ነገር ከእነዚሁ ጋር ሊመደብ የሚችል ነው። በሴት ሆድ ውስጥ ውሃና በስቡ ላይ የተቋጠረ ነገር ኖሮ፣ ሴሎቹ ሲረስ የተባለው ዓይነት ከሆኑ፣ ኦቫሪዋ ደህና ቢመስልም እንደ ኦቫሪ ካንሰር ነው የምትታከመው። የሚጀመረው መድኃኒት ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ነው፤ መነሻው ላልታወቀ ካንሰር በጅምላ የሚሰጠውም እሱው ነው። «ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» ትለኛለህ። ልዩነቱ ቀጥሎ ይመጣል። ኦቫሪ መሰል ከሆነ የማህፀን ካንሰር ቀዶ ሐኪም ገብቶ የሚታየውን ሁሉ ማውጣቱ የሕክምናው ዋና አካል ነው። ከጨጓራ የመጣ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው አይጠቅማትም፤ መድኃኒቱም ይለወጣል።

ሐኪሟን ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ከውሃው ሴል ብሎክ ተሠርቷል? ውሃው በማሽን ተሽከርክሮ የዘቀጠው እንዳይበላሽ በፎርማሊን ይጠበቅና በፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ እንደ ሥጋ ናሙና ደጋግሞ መቁረጥ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የተባለው ልዩ የማቅለም ምርመራ ይታዘዝላት ይሆን? ፓክስ 8 እና ደብልዩ ቲ 1 ከቀለሙ ወደ ኦቫሪ ያመለክታሉ፤ ሲኬ 20 እና ሲ ዲ ኤክስ 2 ከቀለሙ ወደ አንጀት። ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፤ የቆየ ሥራ ነው። ለእሷ ግን ዛሬ የሚጠቅማት ይኸው ነው።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን በሙሉ አነበብኩት። እኔ በስድሳዎቹ ውስጥ ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የወጣሁ ነኝ፤ ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የነበሩት መምህራን ጠባይ ገና አልጠፋም ነበር። ሕመምተኛውን ሙሉ በሙሉ ሳያስወልቅ የመረመረ ተማሪ ከክፍሉ ይባረር ነበር።

ወደ ጭልጋ አካባቢ ስሠራ አንድ ገበሬ ብሽሽቱ ላይ ትልቅ ዕጢ ይዞ መጣ። ሁለት ጊዜ መርፌ ታዞለታል፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ተጀምሮለታል፤ ዕጢው ግን እያደር ይገፋል። በረባሶህን አውልቅ አልኩት። አፈረ፤ «እግሬ አቧራ ነው» አለኝ። ውሃ አስመጥቼ በገዛ እጄ ሳጥበው ተረከዙ ሥር አንድ ብር ሳንቲም የምታህል፣ ጠርዟ የተዘባረቀ ጥቁር ነጥብ አለች። እሾህ ወግቶኝ ነው የቀረ ብሎ ዓመት ሙሉ ይዟት ኖሯል። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ነበረች። እንደኛ ባለ ጥቁር ሕዝብ ላይ ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር ነው፤ ፈረንጅ መጽሐፉ ላይ የጀርባ ሥዕል ይታያል እንጂ።

ማሽኑ የብሽሽቱን ስላይድ ቢያይ «ሜላኖማ» ይል ይሆናል። ይበል፣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጫማ ማስወለቅ ስካነር አይጠይቅም። የሴትዮዋ ጡት ተዳስሷል? ማህፀኗ በእጅ ተመርምሯል? ፊንጢጣዋስ? ወረቀቱ ላይ «መነሻው ያልታወቀ» ብሎ ከመጻፍ በፊት የሚጠየቁ ናቸው።

ባለ ማይክሮስኮፑ

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍዎን ለተማሪዎች አነብላቸዋለሁ። ፓቶሎጂስቱም ቢሆን የሚደርሰው ቅጽ ላይ «የብሽሽት ዕጢ፣ ይመርመር» ተብሎ ብቻ ነው። ዕድሜ የለ፣ ጾታ የለ፣ ታሪክ የለ። ቶድ እንኳ ከስላይዱ ጋር የሕመምተኛውን ጾታ እንዲነገረው ይፈልጋል።

የቆላ ድባው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎንም በተለይ። ዛሬ ሐኪሟን አነጋገርኩት። አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም ሴል ብሎክ የሚለውን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «ማን ነገረህ?» አለኝ። የመጀመሪያው ውሃ በስላይድ ላይ ተቀብቶ ብቻ ነው የቀረው። ሰኞ እንደገና ይቀዳላታል። የማቅለሙ ምርመራ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ብሎኩን እኔ ይዤ ልሂድ ወይስ በእነሱ በኩል? መንገዱን ታውቁታላችሁ።

የስላይድ ስደተኛ

ይህን ጥያቄ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእናቴን ብሎክ አንድ የግል ላቦራቶሪ «ልከነዋል» አለን፤ የተላከበት ቦታ «አልደረሰንም» አለ። መጨረሻው ሳይታወቅ ቀረ። እናቴ እንደገና ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና) ተወሰደላት፤ ያውም ከጉበቷ። ለምን ተቀብለን እንዳልያዝነው እስከ ዛሬ ይቆጨናል። ብሎክ ስትቀበል በፊርማ ተቀበል፤ ቁጥሩ ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆመህ አመሳክር። የስላይዱንም ቅጂ ጠይቅ።

ባለ ማይክሮስኮፑ

እውነት ነው። የሰም ብሎክ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ዛሬ የማይሠራ ምርመራ ነገ ቢመጣ የሚሠራው ከእሱ ነው። ከፀሐይና ከሙቀት ጠብቀው፤ አውቶቡስ ላይ ከመስኮት ዳር እንዳታስቀምጠው፣ ሰም ነውና ይቀልጣል።

ውሃው ሲቀዳ ደግሞ ወዲያውኑ ላቦራቶሪ ይድረስ። አርብ ከሰዓት ተቀድቶ ሰኞ ጠዋት የሚደርሰን ውሃ ውስጥ ያሉት ሴሎች ተበላሽተው ይቆያሉ። ከወረዳ የሚመጣው የሥጋ ናሙና ከዚህ ይብሳል፦ ትልቅ ሥጋ በጠባብ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ ፎርማሊኑ ከግማሽ በታች፤ ወይም ፎርማሊን ጠፍቶ በጨው ውሃ። በእንዲህ ያለ ናሙና ላይ እኔም ቶድም እኩል ዕውር ነን።

ኮድ ጸሐፊው

ዶክተር፣ እዚህ ላይ ላስቸግርህ። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ሥራ ይፈልጋሉ። ስካነር እስኪመጣ ድረስ ስልክ በማይክሮስኮፕ ላይ እየገጠምን መነሻቸው የሚታወቅ ስላይዶችን ብናነሣ፣ ክፍት የሆኑትን ሞዴሎች በእኛ ቀለም ላይ ልንፈትናቸው እንችላለን። በቻይና ስላይድ የሠለጠነ ነገር የእኛን የጉሮሮና የማህፀን በር ካንሰር እንዴት እንደሚያነብ ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ባለ ማይክሮስኮፑ

ሐሳቡን እደግፈዋለሁ፤ ስልኩን አልደግፈውም። እኛ በቴሌግራም የምንለዋወጠው የማይክሮስኮፕ ፎቶ እኔ መርጬ ያነሣሁት አንድ ጥግ ነው። በመረጥኩት ጥግ ላይ ማሽኑ ትክክል ቢናገር የፈተነው የእኔን ዓይን ነው። ደግሞም ምስሉ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የዝርዝሩ ነገር ነው። ከ18 መነሻዎች እንዲመርጥ የተሠራ ሁልጊዜ ከ18ቱ አንዱን ይመርጣል። እኛ ዘንድ የአንገት ዕጢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ እሱ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ካንሰር መሆኑ በሰው ዓይን ያልተረጋገጠ ስላይድ ለእንዲህ ያለው ማሽን መስጠት ሰውየውን ያለ በሽታው ካንሰር መስጠት ነው።

ኮድ ጸሐፊው

ያ የሚስተካከል ነው፤ «አላውቅም» የሚል መልስ እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። የቴሌግራሙንም ፋይል አድርጎ በመላክ ይፈታል። የመረጥከው ጥግ የሚለው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ስላይዱን በሙሉ በቪዲዮ እየቃኙ የመገጣጠም ዘዴ አለ፣ እሱን እንሞክር።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ደግሞ ሁሉም ነገር እዚሁ ባለ ኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ያየነውን አይተናል። ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ምርመራ በእንዲያ ያለ ጊዜ ምርመራ አይባልም።

አራዳ ሰፈር

እናንተ ስለ ሞዴል ትከራከራላችሁ፤ ልጁ ስለ አክስቱ ነው የጠየቀ። ምን ደረሰ?

የቆላ ድባው

ይቅርታ፣ ቆየሁባችሁ። ውሃው እንደገና ተቀዳ፣ ብሎኩም ተሠራ፤ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ዘመድ በፊርማ ተቀብሎ አደረሰው። ውጤቱ ትናንት መጣ፦ ፓክስ 8 ፖዘቲቭ፣ ደብልዩ ቲ 1 ፖዘቲቭ፣ ሲኬ 20 ኔጌቲቭ። እንደ ኦቫሪ ካንሰር እንደሚያክሟት ነግረውናል። ሦስት ዙር ኬሞ በየሦስት ሳምንቱ፣ ከዚያ ሲቲ ስካን፣ ከቻለች ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም ቀሪው ዙር። ትልቁ አጎቴ አብሮኝ ገብቶ ነበር፤ ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳው። ጠበሉ በዙሮቹ መካከል እንዲሆን ተስማምተዋል። አክስቴ ራሷ «ካንሰር ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነው አልኳት። ቀጥላ የጠየቀችው ጸጉሬ ይረግፋል ወይ ብላ ነው።

ስልኬ መጀመሪያ ያለው ግን ኦቫሪ ነበር።

አራዳ ሰፈር

ጨጓራም ብሎህ ነበር።

ነርሷ ከአዘዞ

ይረግፋል፤ በፓክሊታክሴል በአብዛኛው ይረግፋል፣ መልሶም ይበቅላል። ሻሽ ይዛ ትምጣ። በመጀመሪያው ቀን የጤና መድን ደብተሯን፣ የቅርብ የደም ምርመራዋን፣ የሲቲውን ሲዲና የፓቶሎጂውን ወረቀት ዋናውን ይዘህ ና፤ ኮፒ ብቻ ይዘው የሚመጡ ይመላለሳሉ። ቁርስ በልታ ትምጣ። መድኃኒቱ ሲገባ ፊቷ ቢቀላ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት ወዲያው ትናገር፤ ላለማስቸገር ብላ ዝም የምትል እናት ብዙ አለችን። እጅና እግሯ ላይ መደንዘዝ ከመጣም በሚቀጥለው ዙር ይነገረን።

ከዳባት

ውይይቱን ዘግይቼ አገኘሁት። የአባቴም ወረቀት «መነሻው ያልታወቀ» ይላል፤ አንገቱ ላይ ነው ዕጢው፣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይላል። እኛም ያንን ፓክስ 8 እናሠራ?

ባለ ማይክሮስኮፑ

የለም፣ የእሳቸው መንገድ ሌላ ነው። ስኳመስ (ከቆዳና ከአፍ ውስጥ ሽፋን ዓይነት ሴሎች የሚነሣ) ሆኖ በአንገት ላይ ከወጣ መነሻው በአብዛኛው አፍ፣ ጉሮሮ ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ነው፤ መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም በካሜራ ይያቸው። ዕጢው ከአንገታቸው በላይኛው ክፍል ነው ወይስ በታችኛው፣ ከትከሻ አጥንት አጠገብ? ያጨሳሉ? ድምፃቸው ተለውጧል? አዲስ ክር ክፈትና እነዚህን ጻፍልኝ፤ የወረቀቱን ፎቶ ስትለጥፍ ስማቸውን ሸፍነው።